ሥራ አስኪያጁን በኩታዬ ያሰርሁበት ዓርብ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምድር የኩባንያ ሥራ አስኪያጅ እንደ ወጠጤ አስሮ ያዋለ ሰው ቢፈለግ ከእኔ ሌላ አይገኝም። ይህን በሠርግም በለቅሶም ተናግሬዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ጥርሴን የሚነቅል ሐኪም ጉጠቱን አፌ ውስጥ ከትቶ ሳለ እንኳ ልነግረው ሞክሬ ነበር። ሳወራው «ጎሕ ሲቀድ አሰርሁት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ለቀቅሁት» እላለሁ። ልክ ልኩን ለመናገር ያሰርሁት ረፋዱ ላይ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላም ነገሩ አለቀ። በዚያ መካከል እሱ እኔን ሲጎትተኝ ዋለ እንጂ እኔ እሱን አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ አላደረግሁትም።

ነገሩን ሰሞኑን የቀሰቀሰው ልጄ ነው። ባሕር ዳር አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ዛሬ ቅዳሜ ደብረ ታቦር ቤቴ ድረስ መጣና ገና ሳይቀመጥ ጉዱን ዘረገፈው። አለቆቹ ሠራተኛውን ሰብስበው ቅነሳ መኖሩን ተናገሩ፤ «ጥያቄ ያለው?» አሉ፤ ያ ሁሉ ሰው የጫማውን ጫፍ ሲያይ ቆይቶ ተበተነ። ከአዳራሹ ሲወጣ ግን ምላስ ያልነበረው ሁሉ ምላስ አበቀለና «ሰኞ እንደገና ይሰበስቡናል፤ አንተ ጠይቅልን» ብሎ ልጄን መረጠው። ምክንያቱ እኔ ነኝ። የአባቱን ጀብዱ ለፋብሪካው ሁሉ ሲያወራ ኖሯል።

«አባባ፣ አንተ ቋጥረህ አውለኸው የለም? ከምን ልጀምር?» አለኝ።

እንደ ልማዴ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ወሬው ግን፣ ሺህ ጊዜ በለሰለሰው መንገድ ላይ፣ አልሄድ አለኝ። «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ አስተኛሁትና ይህን መጻፍ ጀመርሁ።

ዘመኑ ጃንሆይ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። አንድ ኩባንያ ከንፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ መንገድ አወጣለሁ ብሎ ገባ። እኔ የስማዳ ልጅ ነኝ፤ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ሥራዬ በመዶሻ ድንጋይ እየፈለጥሁ ጠጠር ማድረግ ነው። አርባ ያህል ነበርን። ጋይንቴው እኛን «ቆለኞች» ይለናል፣ እኛ እሱን «ውርጭ የበላው» እንለዋለን፣ እስቴው ሁለታችንን እያናከሰ ይስቃል። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባ ነበር። የንፋስ መውጫ ነፋስ ስሙን በከንቱ አላገኘም፤ አንድ ጠዋት ከፊቴ ያኖርሁትን ቆሎ ጥሬ በጥሬ አንስቶ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ላይ ሲያዘንበው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከእኔ ጋር በአንድ ጎጆ የሚያድር አያ ደምሌ የሚባል የአገሬ ሰው ነበር። ሃምሳን የተሻገረ፣ ቁጥብ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ። ከቤቱ ያስመጣውን በሶ የምጨርስለት እኔ ነበርሁ። በጨው ለውሶ በጭብጡ ያድበለብለውና ትልቁን ለእኔ፣ ትንሹን ለራሱ ያደርጋል። «አንተ ታድጋለህ፤ እኔ የማድገው ወደ ታች ነው» ይል ነበር።

በመጋቢት፣ የገበሬ ልብ ወደ እርሻው በሚሸፍትበት ጊዜ፣ ካቦው ማለትም የሠራተኛው አለቃ ሰበሰበን። ማንም ሥራ ጥሎ እንዳይሄድ፣ መንገዱ አርብ ገበያ እስኪገባ ሥራ መኖሩን፣ ክረምቱንም በዳስ ሥር ሆነን ጠጠር እንደምንፈልጥ ነገረን። በዚያ ቃል ተማምኖ አያ ደምሌ መሬቱንም ሁለት በሬዎቹንም ለዘመዱ ለእኩል ሰጠ። አብዛኞቹ እንዲሁ አደረጉ። እኔ የምሰጠው መሬት ስላልነበረኝ ጭንቅላቴን በመነቅነቅ ተባበርሁ።

ሰኔ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው የመጋዘኑ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ከሰኞ ጀምሮ የሚሰናበቱ አሥራ ስምንት ሰዎች ስም ነበረበት። የአያ ደምሌ ሦስተኛ፣ የእኔ አሥራ ስምንተኛ። ከመባረሬ ይልቅ መጨረሻ መጻፌ አናደደኝ።

ገበሬ በመጋቢት ቢባረር እርፉን ይጨብጣል፤ ምንም አልሆነም። በሰኔ መጨረሻ ሲባረር ግን መሬቱ በሌላ ሰው እጅ ታርሷል፣ ገብሱ በሌላ ሰው እጅ ተዘርቷል። የእኩሌታውን ምርት የሚያየው መኸር ሲገባ ነው። እስከዚያ፣ ያን ሁሉ ክረምት፣ ቤተሰቡ ምን ይበላል? አያ ደምሌ ወረቀቱን ማንበብ ስለማይችል ስሙን በጣቴ አሳየሁት። ጣቴ ያረፈበትን ቦታ ረጅም ጊዜ ተመለከተና «ትንሽ ናት» አለ። ስሙን ማለቱ ነው።

አቤቱታችን የጀመረው ከካቦው ነው። እሱ ድንጋይ ተቀባይ እንጂ ሰው አባራሪ አለመሆኑን ነግሮን ወደ ቢሮ መራን። ቢሮ ያለው ጸሐፊ ጥያቄ በቃል አይቀርብም፣ በጽሑፍ አድርጉት አለ። ንፋስ መውጫ ወርደን ማመልከቻ ጸሐፊ ፈለግን። ሰውዬው የኩባንያውን ጤንነት ሲጠይቅ፣ ዕድሜውን ሲመርቅ፣ ለጠላቶቹ ውርደት ሲመኝ ገጹ አለቀበትና «ለምን ተባረርን» የምትለዋን ጥያቄ ታች ጥግ ላይ እንደ ቁንጫ አጎንብሳ እንድትቀመጥ አደረጋት። ከሦስት ቀን በኋላ መልስ ልንጠይቅ ሄድን። ጸሐፊው ማመልከቻችን መመርመሩን ነገረን። ውጤቱስ አልነው። «ውጤቱ መመርመሩ ነው» አለን።

ያን ዕለት ማታ እራት ስንበላ አያ ደምሌ ቁራኛን አነሣ። በአባቶቻችን ጊዜ ባለጋራህ አልመልስ ካለህ የልብስህን ጫፍ ከልብሱ ጫፍ ቋጥረህ ዳኛ ፊት ይዘኸው ትሄዳለህ፤ እስኪፈረድ አብራችሁ ትውላላችሁ፣ አብራችሁ ታድራላችሁ። ዳኛም የግድ ከችሎት አይፈለግም፤ በመንገድ የሚያልፍ ደህና ሰው «ዳኘን» ከተባለ ቆሞ ይሰማል። ይህ ሁሉ ከተሻረ ቆይቷል። መሻሩን ግን ወደ እኛ አገር መጥቶ የነገረን አልነበረም፤ ቢነግሩንም አንሰማም ነበር። ማን ይቋጠር ሲባል ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። ነገር አዋቂ ነኝ እያልሁ ወር ሙሉ ስደነፋ ሰምተዋላ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ጉሙ ገና አልተገለጠም፤ መንገዱ በገበያተኛና በአህያ ተሞልቷል። የሥራ አስኪያጁ ላንድሮቨር አዲስ አፈር የተደለደለበት ቦታ ላይ ጭቃ ዋጠው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ታምራት ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ቀጥ ያለ፣ መቀነት ያለው ረጅም ካፖርት የሚለብስ ሰው ነበር። ጎማውን ለማየት ሲወርድ እኔ ከፊቱ ዘለልሁና «በጃንሆይ አምላክ ቁሙ» አልሁ። መኪናው ከቆመ ሩብ ሰዓት አልፎታል፤ እኔ ግን ያቆምሁት እኔ ነኝ እላለሁ። አያ ደምሌ ከኋላ መጥቶ የኩታዬን ጫፍ ከካፖርቱ መቀነት ጋር በሬ በሚታሰርበት ቋጠሮ ቋጠረው። ሹፌሩ ሊገፋን ሲል አሥራ ስድስት መዶሻ የያዘ ሰው አየና መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ዳኛ ፍለጋ መንገደኛውን ለመንን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ገበያ ይረፍድብናል ብለው አለፉ። ሦስተኛው በቅሎ ላይ የተቀመጡ፣ ጃንጥላ የዘረጉ ሽማግሌ ባላምባራስ ነበሩ፤ ገበያ የሚወርዱት ሊሸጡ ሳይሆን ሰው እጅ እንዲነሣቸው መሆኑ ያስታውቃል። ዳኙን ስንላቸው ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ፊታቸው በራ።

አቶ ታምራት ወረቀትና ማኅተም ለምዶ ግራ የሚጋባ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ግን ለካስ የነገረ ፈጅ ልጅ ኖሯል። ካፖርቱን አራገፈና «ይጠይቅ» አለ።

በመጋቢት ክረምቱን ሥራ አለ ብላችሁ አልነበረም ወይ ብዬ በ«እርስዎ» ጀመርሁ። እሱ አለማለቱን ተናገረ። ካቦው ብሏል አልሁ። ካቦ ድንጋይ ይቀበላል እንጂ ቃል አይሰጥም አለ። ታዲያ ቃል የሚሰጠው ማነው አልሁ። ቃል የሚሰጥ ሰው ኩባንያው እስካሁን አለመቅጠሩን ነገረኝ። ገበያተኛው ሳቀ፤ እኔ ላይ መሆኑ ነው። ደሜ ፈላና ከእርስዎነት አውርጄ «አንተ» አልሁት፤ አባቱንም አያቱንም ጨመርሁ። እሱም ድንጋይ ስፈልጥ ፍንጣሪው አናቴ ውስጥ ሳይቀር እንዳልቀረ ነገረኝ። ባላምባራስ ሁለታችንም ስድብ እንድንቀንስ፣ ጥቂት ግን እንድናስቀር አዘዙ።

ይህን ጊዜ አያ ደምሌ፣ መሬት መሬት እያየ፣ ገባ።

«ጌታዬ፣ ክረምቱን ሥራ እንደማይኖር መቼ አወቃችሁ?»

«በሚያዝያ።»

«በሚያዝያ ብትነግሩን እርሻችን ላይ እንደርስ ነበር። ስለምን አልነገራችሁንም?»

አቶ ታምራት ሲመልስ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ብነግራችሁ በማግስቱ ጥላችሁኝ ትሄዳላችሁ። የግንቦትን ጠጠር ማን ይፈልጥልኝ ነበር?»

  ሳምንቱን ሙሉ ስንፈልገው የነበረ መልስ ይኸው ነው፤ ሲመጣ ደግሞ ምን እንደምናደርገው አላወቅንም። ከእስቴዎቹ አንዱ መዶሻውን አነሣ። አያ ደምሌ እጁን ይዞ አስቀመጠው።

ባላምባራስ ጃንጥላቸውን ዘግተው ፈረዱ። ሁለታችን እስከ ፀሐይ ግባት ተቋጥረን እንድንውል፣ ቋጠሮውን ቀድሞ የፈታ ተረቺ እንዲሆን። አቶ ታምራት ሳቀ። «እኔ ከፈታሁ ዝርዝሩን እቀደዋለሁ፤ አሥራ ስምንቱም ክረምቱን ይሠራሉ። እሱ ከፈታ ግን ከዛሬ ጀምሮ ጥያቄ የሚባል እንዳልሰማ» አለ። ገበያተኛው ምስክር ሆነ። ባላምባራስ ማታ ሲመለሱ ሊያዩን ተስማምተው ወረዱ። አያ ደምሌ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ «ቻል ብቻ፤ መናገር የለብህም፤ መቻል ነው» አለኝ። መናገር የለብህም የሚል ፍርድ በእኔ ላይ ሲፈረድ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ጉተታው ጀመረ። አቶ ታምራት እግሩ ረጅም ነው፤ ሜትር ይዞ መንገዱን ሲለካ እኔ ከኋላው እንደ ጥጃ እሮጣለሁ። ዝናቡ መጣ። እሱ ካፖርት አለው፤ የእኔ ኩታ ውኃ ጠጥቶ የአንድ በግ ያህል ከበደ። ላንድሮቨሩን ሰዎች ገፍተው ሲያወጡት አብረን ገባን፤ መኪና ስሳፈር የመጀመሪያዬ ስለነበር እሱን መያዜን ትቼ ወንበሩን ያዝሁ። ካምፕ ስንደርስ መጸዳጃ ገባ። ኩታዬ በበሩ ስንጥቅ ተወጥሮ እኔ ውጭ በዝናብ ቆሜ፣ ከአጥሩ ባሻገር የተሰበሰቡት ጓደኞቼ «አሁን ይፈታል፣ አሁን ይፈታል» ሲሉ፣ እሱ እያፏጨ ወጣ። ምሳ ሰዓት ከቆርቆሮ የወጣ ዓሣ በዳቦ አቀረቡለት። ለእኔም ቆረሰልኝ። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ሊቃውንቱ እስኪጨርሱት አልጠበቅሁም። ያንን በመስኮት ያየ አንድ ጋይንቴ «ቁራኛው ጥርስ አለው» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹ አፌ አፌን ያዩ ጀመር። የእጁን በልቼ ለእሱ ማደሬን ነው መሰለኝ የፈሩት።

ከምሳ በኋላ ቢሮው ገባን። በከሰል የሚነድ የብረት ምድጃ ነበር። ከኩታዬ እንፋሎት ሲወጣ አስታውሳለሁ፤ የእርጥብ ጥጥ ሽታ አፍንጫዬ ላይ እስካሁን አለ። ማንበብ እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ዳዊት ደግሜያለሁ አልሁ። የተሰናባቾቹን ዝርዝር ሰጠኝና አንብብ አለኝ። አሥራ ስምንቱንም ስም በጥሩ ድምፅ አነበብሁለት።

ከዚህ በኋላ ያለውን በሠርግ ቤት የማወራው እንዲህ ነው። ስሞቹን በሰማ ጊዜ ኅሊናው ወጋው። እኔ ፍንክች እንደማልል አየ። ከጠረጴዛው ላይ የጢም ምላጩን አነሣና የኩታዬን ጫፍ ሸረከተው። እኔም የተቆረጠውን ኩታ እንደ ሰንደቅ ይዤ ወጣሁ።

የወጣሁስ እውነት ነው። ጓደኞቼ በአጥሩ ጥግ፣ መዶሻቸውን እግራቸው ሥር አድርገው፣ ጆንያ ራሳቸው ላይ ጥለው፣ ዝናቡን እየጠጡ ተቀምጠው ነበር። ኩታውን ሲያዩ ተነሡ። በምላጭ ቆረጠው አልኋቸው። ጩኸቱ ከንፋስ መውጫ ሳይሰማ አልቀረም። አቶ ታምራት በረንዳው ላይ ወጥቶ «ራሱ ነው የፈታው፤ ጠይቁት» አለ። የእሱን ቃል ማን ያምናል? በሚያዝያ አውቆ በሰኔ የነገረን ሰው ነው። የጭቃ ድቡልቡል ግንባሩ ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው የቢሮውን መስኮት ሰበረ። ዘበኞቹ ጠመንጃቸውን እስኪያቀባብሉ ድረስ ስድቡ እንደ በረዶ ወረደበት። አያ ደምሌ ብቻ አልጮኸም። የኩታውን ጫፍ ይዞ አገላብጦ አየና «ቋጠሮዬስ?» አለኝ።

«እሱ መቀነት ላይ ቀርቷል» አልሁት።

ራሱን ነቀነቀ። ባላምባራስ ማታ በዚያ ሲመለሱ ኩታውን አሳየናቸው፤ አሳፋሪ ነው አሉ፤ ፍርዳቸውን የሚያስፈጽምላቸው ግን በቅሏቸው ብቻ ነበረች። ሰኞ አሥራ ሰባቱ ኩታዬን ማስረጃ አድርገው ንፋስ መውጫ ወደ መንግሥት ቢሮ ሄዱ። ኩታውን የተሸከመው አያ ደምሌ ነው፤ ተጣጥፎ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ እንደ ታቦት ልብስ። እዚያ ያለው ሹም ቁራኛ ማለት ምን እንደሆነ ካስረዱት በኋላ ሰው ማሰር ወንጀል ነው፣ የታሰረው ቢከስ እናንተ ናችሁ የምትታሰሩት ብሎ አባረራቸው። ተበተኑ። አያ ደምሌ ወደ ቤቱ ባዶ እጁን መግባት አፍሮ ከዚያው ወደ ሁመራ ሰሊጥ ሊያርም ወረደ። ሁለት ዓመት ቆየ። ሲመለስ ወባ ግማሹን በልቶት ነበር።

አርብ ገበያ ላይ ተገናኘን። ጠላ ቤት ይዞኝ ገባ፣ እምቢ ስለው ራሱ ቀዳልኝ፣ በዙሪያው ለተቀመጡት ሁሉ «ለእኛ ብሎ ኩታው የተቆረጠ ልጅ ይህ ነው» አላቸው። የገብስ ጠላ ነበር፤ ጥሩ ጠላ። ጠጣሁት። ያወቀ ይሁን ያላወቀ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሞተ፤ ለቅሶው ላይም ታሪኩን እኔ ነኝ ያወራሁት።

ልጄ ጓዳ ተኝቷል። ነገ ለባሕር ዳር አውቶቡስ ሳይነሣ ይህን ያነባል። በወጣትነቴ አለቃ የሚፈራው አንደበተኛ ሰው ይመስለኝ ነበር። አንደበተኛ ሰውማ ለአለቃ ይጠቅመዋል፤ ዝርዝር ያነብለታል። ስለዚህ ልጄ ሆይ፣ ስብሰባው ላይ የፈለግኸውን ተናገር፤ አያ ደምሌ የጠየቀውን ዓይነት ጥያቄ ጠይቅ፤ መቼ አወቃችሁ በላቸው። ከስብሰባው በኋላ ብቻህን ቢሮ ቢጠሩህ ግን አንድ ሰው ይዘህ ግባ። እኔ ብቻዬን ነበርሁ።

ዝርዝሩን አንብቤ ስጨርስ አቶ ታምራት ድምፅህ ጥሩ ነው አለኝ። ሰዓት ተቆጣጣሪው ታሞ መሄዱን፣ ቦታውም ባዶ መሆኑን ነገረኝ። ብዕሩን አንሥቶ አሥራ ስምንተኛውን ስም ሰረዘ። ከሚስማር ላይ ገበር ያለው የዝናብ ካፖርት አወረደና ልበስ አለኝ። አንድ እጄን አስገባሁ፤ ሁለተኛው እንቢ አለ፤ ኩታዬ ታስሯል። እሱ ቋጠሮውን አልነካም፤ ስለ ቋጠሮውም አንድ ቃል አልተናገረም፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ ጆንያ የለበሱት ሰዎች ይታያሉ። የበሬ ቋጠሮ በእርጥብ ጥጥ ላይ ይጠብቃል፤ በጣቴ አልላላ ሲለኝ በጥርሴ ፈታሁት። የኩታዬን ጫፍም በምላጩ የቆረጥሁት እኔው ነኝ፤ ምላጩን ስለምነው ሳይጠይቀኝ ሰጠኝ። ካፖርቱን ያን ዕለት እዚያው ሰቅዬው ወጣሁ፤ ጓደኞቼ ከሄዱ በኋላ ሰኞ ከሰዓት ለበስሁት። ትልቅ ነበር። እጅጌውን አጥፌ ሰባት ክረምት ለበስሁት።